የእመቤት ድምፅ በመንዝ ገበያ

ይህ ጉዞ አሥራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ብር አስወጥቶኛል። መጓጓዣ፣ ምግብ፣ ደብረ ብርሃን ያደርኩበት አልጋ፣ የበግ ማስጫኛ፣ ቀረጥ፣ እንዲሁም ስደርስበት የምነግራችሁ አንድ የድካም ዋጋ ተደምሮ ነው። ወጪዬን መጀመሪያ የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ነጋዴ ስለ ተራራና ስለ አየር ሲያወራ ሰው የሚያምነው ሂሳቡን ካወቀ በኋላ ነው ብዬ ነው።

ነዋሪነቴ ሸዋ ሮቢት ነው። ከመንዝ በግ እየገዛሁ ደብረ ብርሃን ወስጄ እሸጣለሁ፤ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የአሁኑ መንገዴ ግን ለበግ ብቻ አልነበረም። መሐል ሜዳ አጠገብ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ የቆዩ ወዳጄ አሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው እመቤት አዲስ አበባ ሥራ ስትቀጠር ዋስ ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሥራዋ ስልክ ማንሳት ነበር። ገበሬ በነፃ እየደወለ የገበያ ዋጋ፣ የአየር ጠባይና የማዳበሪያ ነገር የሚጠይቅበት መስመር ነው።

እመቤት በቀደም ደወለችልኝ። ከሥራ ከተሰናበተች ሁለት ወር አልፏታል፤ ለአባቷ ግን መናገር አቅቷታል። በዚህ ላይ አባቷ አንዱን በሬያቸውን ሸጠው ታናሽ እህቷን ስንዱን ከአሥረኛ ክፍል አስወጥተው ለዚያው ሥራ ሊልኳት ነው። በሬው የሚሸጠው በሚቀጥለው የመሐል ሜዳ ገበያ ነው። ዋሱም እንደገና እኔ ነኝ፤ እኔን ሳይጠይቁ ለአገሩ ተናግረዋል።

“ጋሽ ሰይድ፣ አብረውኝ ይሂዱና እርስዎ ይንገሩልኝ” አለችኝ።

ዋስነት ፊርማ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ መርዶ ነጋሪነትም አለበት።

ከሸዋ ሮቢት እስከ መዘዞ

ማልጄ ተነሣሁ። መንገዱ ክፍት መሆኑን መናኸሪያ ላይ አጣርቼ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሸዋ ሮቢት በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ጣርማ በር ላይ ጋቢ ይለምናል፤ እኔ ካፖርቴን ይዤ ስለነበር የሚለምኑትን እያየሁ ወጣሁ። ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንጨርስ ጉም መስተዋቱ ላይ ተለጠፈ። እመቤት ከአዲስ አበባ መጥታ ወደ መንዝ በሚወስደው መገንጠያ ላይ ቆማ ነበር፤ አንድ ሻንጣ ይዛለች፤ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው መኪና ለሁለታችን ሰባት መቶ ብር ጠየቀን። ታሪፉ ስንት ነው ብዬ ብጠይቀው ረዳቱ ሳቀብኝ።

መንገዱ እንደምታውቁት ነው። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው የገብስ ማሳ። ሾፌሩ ጉድጓዱን ሲሸሽ ወደ ገደሉ፣ ገደሉን ሲሸሽ ወደ ጉድጓዱ ይወስደናል። መዘዞ እስክንደርስ እመቤት ታሪኳን ነገረችኝ።

አለቆቿ ለሦስት ሳምንት ያህል ምንጣፍ በተለበጠ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ድምፅዋን እየቀዱ ዓረፍተ ነገር ሲያስነብቧት ከረሙ። እሷን የመረጡት አነጋገሯ ለገበሬው ጆሮ ይቀላል ብለው ነው። ከዚያ ሬዲዮኖች ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት፣ እሷ ኤአይ የምትለው ነገር ስልኩን ማንሳት ጀመረ። ሲያነሳም በእሷ ድምፅ ነው። ከሠላሳዎቹ ሠራተኞች አራት ቀሩ፤ እነሱም የተቆጣ ደንበኛ ሲመጣ ብቻ የሚጠሩ ናቸው።

“ድምፅሽን ስንት ሸጥሽው?” አልኳት።

“ሠላሳ ሺህ።”

“በወር?”

“አንዴ ነው ጋሽ ሰይድ። ፈርሜ ተቀበልኩ።”

በግ ሲሸጥ ከበረት ይወጣል፤ ሻጩ ገመዱን ጠቅልሎ ይመለሳል። ይቺ ልጅ ድምፅዋን ሸጣ ድምፅዋን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። ገዢውም ይዞታል። እንዲህ ያለ ዕቃ አይቼ አላውቅም፤ ተምን ብባል ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል።

ሞላሌ፣ ረፋድ ላይ

ሞላሌ ገበያ ቆሟል። መኪናው ጎማ ሊያስነፋ ሲቆም እኔም ዋጋ ለመቅመስ ወደ በግ ተራ ገባሁ፤ እመቤት ተከተለችኝ። ወፍራም ሹራብ የለበሱ አንዲት ሴትዮ ጥሩ ወጠጤ በግ ይዘዋል። አሥራ ሁለት ሺህ አሉኝ። እኔ ዘጠኝ ሺህ ተኩል አልኩ፤ ደብረ ብርሃን ገበያው እንደሞተ፣ በግ ሁሉ ሳይሸጥ እንደሚያድር እያዘንኩ አስረዳኋቸው። ይህን ማዘን ለዓመታት ተለማምጄዋለሁ፤ ፊቴ ራሱ ያውቀዋል።

ሴትዮዋ አልተከራከሩኝም። ከጉያቸው ባለ ቁልፍ ስልክ አውጥተው ደወሉና ድምፁን አጉልተው ወደኔ ዘረጉት። የእመቤት ድምፅ ወጣ።

“በዚህ ሳምንት በደብረ ብርሃን ገበያ መካከለኛ የመንዝ በግ ከአሥራ አንድ ሺህ እስከ አሥራ ሁለት ሺህ ተኩል ይሸጣል። ነጋዴ ገበያው ቀዝቅዟል ካለዎት ስንት በግ ሊገዛ እንደመጣ ይጠይቁት። ሌላ ምን ልርዳዎት?”

“ስንት ልትገዛ መጣህ?” አሉኝ ሴትዮዋ።

ሱብሃነላህ። ይቺን ጥያቄ የሚያውቅ ሻጭ በሕይወቴ ሦስት ወይም አራት ብገጥም ነው፤ ሁሉም ከኔ የባሱ ነጋዴዎች ነበሩ። ገበያው ቢሞት ኖሮ ብዙ በግ አልፈልግም ነበራ። አሁን ጥያቄዋ በነፃ ተደውሎ ትገኛለች፤ ያውም እኔ ዋስ በሆንኩላት ልጅ ድምፅ። ዞር ብዬ እመቤትን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ይዛለች።

“ይህን አንብቤ አላውቅም” አለችኝ ወደ መኪናው ስንመለስ። “ስለ ነጋዴ ያስነበቡኝ አንድም ነገር የለም። ከየት አመጣችው?”

በጉን አልገዛሁም።

ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ ግርጌ

መሐል ሜዳ ሽሮ በልተን፣ ለሁለታችን ሦስት መቶ ስልሳ ብር ከፍለን፣ የቀረውን በእግር ተያያዝነው። ነፋሱ ወደፊት አያስኬድም። ከፊታችን የጓሳ ሜዳ እንደ ትልቅ ብርድ ልብስ ተዘርግቷል፤ ሣሩ በአንድ ጊዜ ይተኛል፣ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ሠላሳ ዓመት አይቼው ዛሬም ቆሜ አየሁት። ሣሩን ማን መቼ እንደሚያጭድ አገሩ በሕግ ስለያዘው ነው እስከ ዛሬ ያለው። እመቤት ግን አላየችውም፤ የምትናገረውን ነበር የምታሰላው።

ጋሽ ወንድይፍራው ከደጅ ተቀበሉን። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱን የያዘችው ስንዱ ናት። እሷም ለኔ የተለመደውን ሽሮ በገብስ እንጀራ አቀረበች። እኔ እስላም፣ እሳቸው ክርስቲያን፤ ሃያ ዓመት ተዋውቀን ሥጋ አብረን በልተን አናውቅም፤ ሽሮውን ግን ያለ ሂሳብ ጨርሰነዋል።

“ማንን ተክተሽ መጣሽ?” አሏት ልጃቸውን ገና ሳትቀመጥ። “ስልኩ ብቻውን ቀረ?”

እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ ተናገርኩ። እመቤት ከሥራ መሰናበቷን፣ ስልኩን የሚያነሳው ማሽን መሆኑን፣ ድምፁ ብቻ የእሷ መሆኑን በተቻለኝ መጠን አስረዳሁ። ጋሽ ወንድይፍራው ጨርሰው አዳመጡኝና ፈገግ አሉ።

“ዛሬ ጠዋት አነጋግሬያታለሁ እኮ።”

በየማለዳው እንደሚደውሉ ያኔ ነው የነገሩን። በእሷ የግል ስልክ ቢደውሉ ካርድ ይበላል፤ በመስመሩ ግን ነፃ ነው። የገብስ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ይመርቋታል፣ ይዘጋሉ። ውድ ደንበኛችን ስትላቸው መጀመሪያ ከፍቷቸው ነበር። ኋላ ግን አለቃ አጠገቧ ቆሞ ነው ብለው ተረዱላት፤ በሥራ ላይ ዘመድ እንደማታውቅ ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። ሌሊት ሳይቀር ስታነሳላቸው ጊዜ እንቅልፍ ነፈጓት ብለው አለቃዋን ሲረግሙ ከርመዋል።

“እኔ አይደለሁም አባዬ” አለች እመቤት።

“የልጄን ድምፅ አጣዋለሁ?” አሉና ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ አጉልተው መደቡ ላይ አስቀመጡት።

“እንደምን ዋሉ፣ ውድ ደንበኛችን? ምን ልርዳዎት?”

ሽማግሌው ስልኩን አዩ። ቀጥለው የልጃቸውን አፍ አዩ። ተዘግቷል። “በስመ አብ” ብለው አማተቡ፤ እጃቸውን ሰደው ጉንጯን ዳሰሱት። እኔም በበኩሌ ያለኝን ዱዓ ሁሉ በልቤ ደገምኩ። የሰማሁትን ማመን ሞላሌ ላይ ጀምሬ ነበር፤ አባትና ልጅ መሐል ተቀምጦ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

“አንቺ እመቤት ነሽ?” አሉት ስልኩን።

“አይደለሁም፤ እኔ የኮምፒውተር ረዳት ነኝ። ስለ እርሻና ስለ ገበያ ልረዳዎት እችላለሁ።”

እንዲህ ግልጽ አድርጋ ነገረቻቸው። ሁለት ወር ሙሉ ሲመርቋት አንድ ቀን ማን ነሽ ብለው አልጠየቋትም ነበር። የገዛ ልጁን ማን ነሽ የሚል አባት የት ይገኛል?

ጋሽ ወንድይፍራው እንደ ሰው አክብረው፣ በሬያቸውን ሊሸጡ እንዳሰቡ ነገሯት። ዕድሜውን ጠየቀች፤ ለእርሻ ነው ወይስ ደልቧል አለች። መለሱላት። ዋጋውን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ነገረቻቸውና፣ ጥማዱ ሲጎድል ማሳዎን በምን ሊያርሱ አስበዋል ብላ ጨመረች። ይህን ጥያቄ እኔ ወዳጃቸው አልጠየቅኳቸውም ነበር፤ አፈርኩ።

“ገንዘቡ ልጄን እዚያ ላንቺ ሥራ እንድልክበት ነው” አሏት።

“ለልጅዎ መልካም ዕድል እመኛለሁ። ሌላ ምን ልርዳዎት?”

ስልኩን ዘጉት። ስንዱ ከምሰሶው ጋር ተጣብቃ ቆማለች። ሽማግሌው ወደ እመቤት ዞሩ።

“አንቺስ ምን ትያለሽ?”

“አይሽጡት አባዬ። ስንዱ የምትቀመጥበት ወንበር የለም። እኔ እያየሁ ነው ያወጡት።”

“ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ደበቅሽኝ?”

“በሰው ፊት እንዳላሳፍርዎት ነዋ።”

“አገሩ ሁሉ ያንቺን ቃል ሰምቶ ነው ገብሱን የሚሸጠው። እኔስ በምኑ ነው የማፍረው?” አሉና ብድግ ብለው ወደ በሬዎቹ ወጡ። ትንሽ ቆይተው ሲመለሱ ዋስ መሆኔ እንደቀረልኝ ነገሩኝ። ስንዱም የሸከፈችውን ልብስ ከራሷ ሻንጣ ማውጣት ጀመረች።

የመሐል ሜዳ ገበያ

በማግስቱ ለገበያ ስወጣ እመቤት አብራኝ ወረደች። ነጠላዋን ዛሬ ከአፏ አውርዳዋለች። በግ ተራ ገብታ አንዱን ሰውዬ ስንት ነው አለችው። የተናገረችው ይቺን ብቻ ነው። ሰውዬው ቀና አለ፤ ጎኑ ያሉት ሴት ዞሩ፤ ቀጥሎም ተራው በሙሉ።

“የስልኳ ልጅ ናት!”

ከበቧት። አንዱ ሌላ ምን ልርዳዎት በይ እያለ ይቀልዳል፤ አንዷ ስለሚያስል በጓ ትጠይቃለች። እመቤት የምታውቀውን መለሰች፤ የማታውቀውን አላውቅም አለች። አንድ ሽማግሌ በዚህ ሳቁ፤ ያችኛዋ አላውቅም ስትል ገና አልሰሙም መሰለኝ።

“ያቺ ትነግረናለች እንጂ አትገዛም” አላት የመጀመሪያው ሰውዬ። “አንቺስ?”

“እኔ ለጋሽ ሰይድ እገዛለሁ” አለች፣ እኔን ሳታማክር። “በደብረ ብርሃኑ ዋጋ ነው። ከላዩ በአንድ በግ ሰባት መቶ ብር ይቀነስለት፤ መጫኛውም ትርፉም ከዚያው ይውጣ።”

ትርፌን በገበያ መሐል፣ በቀን፣ ጮክ ብላ ተናገረችው። እንዲህ ያለ ነገር ሚስቴም አትሰማም። ከበግ ላይ ሁለት ሺህ የሚተርፍበትን ዘመን የማውቅ ሰው ነኝ፤ አፌን ከፍቼ ልቃወም ስል ሻጮቹ ገመዳቸውን እየዘረጉልኝ ነበር። የሚከራከር ጠፋ፤ የሚምል ጠፋ። ሁለት ገበያ የሚፈጅብኝን አሥራ ስድስት በግ ጀርባው ላይ ጠል ሳይደርቅ ገዛሁ። ለእመቤት በአንድ በግ መቶ ብር አሰብኩላት፤ መጀመሪያ ላይ የድካም ዋጋ ያልኳችሁ ይኸ ነው።

ወደ ቤት

እመቤት አባቷ ዘንድ ቀረች፤ በየገበያው ቀን እየገዛች ልትልክልኝ ተስማማን። ጋሽ ወንድይፍራው እኔን ሲሸኙ ስልካቸው ጆሯቸው ላይ ነበር። ልጃቸው እቤት ተቀምጣ የገብስ ዋጋ ያንኑ ማሽን ነው የሚጠይቁት። ምርቃቱን ትተዋል ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ የሠራ ሁሉ ይመረቃል አሉኝ።

ደብረ ብርሃን አድሬ በጎቹን ሸጥኩ። እያንዳንዳቸው ስልኩ በነገረን ዋጋ ሄዱ፤ ገዢዎቹም ደውለው ነበር የመጡት። በዚያ ገበያ መሐል ቆሜ የገረመኝን ያህል በልጅነቴ አውሮፕላን ሳይ አልገረመኝም። እኔ ለካ በግ ነጋዴ አልነበርኩም። ስሸጥ የኖርኩት መሐል ሜዳ ያለው ሰው ደብረ ብርሃን ያለውን ዋጋ አለማወቁን ነው። ያ ዕቃ አልቋል። የቀረኝ በጉን ማድረስና ታምኖ መገኘት ነው፤ በዚህኛውም እመቤት ከኔ ሳትሻል አልቀረችም።

ከዚያ ቁልቁለቱን ወርጄ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ካፖርቴን አወለቅሁ። ሚስቴ ስንት አተረፍክ አለችኝ።

ከአሥራ ስድስት በግ የተገኘ ብልጫ፣ አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር። ወጪ፣ አሥራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ብር። መቶ ብር ከስሬአለሁ።