ገመዳ የወጣበት ጋሪ

አሥር አለቃ ገመዳ ናዝሬት ገበያ አካባቢ የኖረ ፖሊስ ነው። ሽንኩርት ሲገዛ እንደ ማንም ይከራከራል፣ ሒሳቡንም ይከፍላል። በደርግ ጊዜ ግን ደግ ፖሊስም ቢሆን ይፈራል። እሱ የወጣበት ጋሪ ላይ ሌላ ሰው አይወጣም፤ ጋሪ ደግሞ ሦስት ሰው ካልሞላ አይነቃነቅም። ስለዚህ ገመዳ ሁልጊዜ በእግሩ ነበር የሚሄደው።

አንድ ቅዳሜ ልጁን ደራ ሊድር ነው። ለሙሽራዋ የገዛው የብረት ሣጥን ስለከበደው መናኸሪያ ለመሄድ የባለጋሪው የኑሬ ጋሪ ላይ ወጣ። የደራው የመጨረሻ አውቶቡስ መነሻ ሰዓቱ ደርሷል።

ያን ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ፣ ሰው ለፖሊስ ያለውን አመለካከት እያጠና ገበያውን ይዞራል። ከአጠገቤ በርበሬ የምትሸጠውን ዘርፉን ጠየቃት።

«ወንድሞቻችን ናቸው!» አለችው።

«መናኸሪያ! ሁለት ሰው!» ሲል ኑሬ ተጣራ። ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። ዘርፉም መናኸሪያ ነበር የምትሄደው።

«አይሳፈሩም?» አላት ተማሪው።

«በእግሬ ይሻለኛል፣ ለጤና።»

ገመዳ ፀሐይዋን አየና፣ «ኑሬ፣ የሦስቱንም ልክፈልና ንዳ» አለ።

«ምነው አሥር አለቃ! ከፖሊስ የሦስት ሰው ሒሳብ ተቀበለ ተብዬ ልታሰር?»

እኔ ከጠዋት ጀምሮ ቲማቲም ስሸጥ ውዬ እግሬ አብጧል። መፍራትም አቅም ይጠይቃል። ባዶ ቅርጫቴን ይዤ ጋሪው ላይ ወጣሁ።

«አንቺ አትፈሪም?» አለኝ ገመዳ።

«ከያዙኝም ቁጭ እንዳልኩ ይያዙኝ።»

ሣጥኑ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ዘርፉ እንዲህ የሚስቅ ፖሊስ አይታ አታውቅም መሰለኝ፣ በርበሬዋን ጠቅልላ መጣች።

«ጠጋ በይ እስቲ!»

«ለጤናሽስ?»

«ዝም በይ!»

ኑሬ ፈረሱን አስጋለበው። መናኸሪያ ስንደርስ አውቶቡሱ ከበሩ እየወጣ ነው። ዘርፉ ዘላ ወርዳ ፊቱ ቆመች። «አቁም! የሙሽራ አባት አለ!»

ሾፌሩ እየተራገመ አቆመ። ሣጥኑን ተረዳድተን ጫንን። ገመዳ ሒሳቡን ሲዘረጋ ኑሬ እጁን ወደ ኋላ ደበቀ።

«ለሠርግ ነው፣ አልቀበልም።»

«ተቀበል! አለዚያ አስሬህ ነው የምሄደው!»

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ፤ ኑሬም እየሳቀ ተቀበለ።

ኑሮዬ ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልተሻሻለም። ገመዳ የወጣበት ጋሪ ግን ይሞላል፤ ቀድማ የምትወጣውም ዘርፉ ናት።