የራመን ጉርሻ

ጎረቤቴን እትዬ ሙሉን በረዶ ላሳያቸው ብዬ ከምንኖርባት ከፌርፋክስ ተነስቼ ተራራ ላይ ወዳለች አንዲት የመዝናኛ ከተማ ድራይቭ አደረግኩ። ራመን የሚሉትን የጃፓን የፓስታ ሾርባ የሚሸጥ ጠባብ ቤት ገባን። ሰው ስለሞላ ከማናውቀው ፈረንጅ ጋር አስቀመጡን። የኛ ቀድሞ መጣ፤ እትዬ ግን አልነኩትም።

«ሰው ጦሙን ተቀምጦ እኔ ልብላ?»

«የሱም ይመጣል፣ እትዬ። እዚህ ሁሉም የየራሱን ነው።»

«እኔ እንደዛ አላደግኩም!» አሉና በሹካ ጠቅልለው አፉ ድረስ ወሰዱለት። ግራ ገብቶት ጎረሰ። አስተናጋጇ ሮጣ መጥታ «ኖ፣ ኖ! ደንበኛ አይረበሽም!» አለች።

አፍሬ ነበር፤ እሷ ስትቆጣ ግን ደሜ ፈላ። «እሱ ካልከፋው አንቺ ምን አገባሽ?» አልኳት። እትዬም «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛ አጎረሱት።

የሰውየውን ሳህን ያመጣችው ያችው አስተናጋጅ ነበረች። እሱም የመጀመሪያውን ጠቅልሎ ወደ እሷ አፍ ዘረጋ።

እትዬ በአማርኛ ጮኹባት፦ «ምን ትጠብቂያለሽ? ጉረሺ እንጂ!»