ሐሜተኛዋ መብራት

ባሌ ቀኑን ሙሉ ከመኪና ጋር ሲያወራ ይውልና ቤት ሲደርስ ወሬው ያልቅበታል። "ውሎ እንዴት ነበር?" ስለው "ደህና" ይለኛል። ደህና ካለኝ ያን ቀን በጣም ተጫወተ ማለት ነው።

ሥራው የመኪና ኮምፒውተር ፕሮግራም ማድረግ ነው። የዛሬ ዘመን መኪና ያለ ኮምፒውተር አያስነጥስም። ለሞተሩ አንድ ሣጥን፣ ለፍሬኑ አንድ ሣጥን፣ ለመስኮቱ ሳይቀር አንድ ሣጥን አለው። እነዚህ ሣጥኖች የተኳረፉ ቀን መኪናው አልነሳም ብሎ ይተኛል። ያኔ ባሌ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ገመዱን ከመሪው ሥር ሰክቶ ያስታርቃቸዋል። ፕሮግራሙ እየተጫነ ሳለ አንድ ቀልቃላ በር ከከፈተ ወይም ራዲዮ ከነካ ግን ባትሪው ይዋዥቅና ሣጥኑ እስከ ወዲያኛው ያሸልባል። ስለዚህ ጋራዡ ውስጥ ከአፉ የሚወጣው ቃል "እንዳትነኩ!" ብቻ ነው። ሰፈሩም "እንዳትነኩ" ብሎ ስም አወጣለት። እኔ ደግሞ "የእንዳትነኩ ሚስት" ተባልኩ። ክብሬን አያችሁልኝ?

ደንበኞቹማ አይጣል ነው! አብዛኛው የሚመጣው መኪናውን ለማሠራት ሳይሆን ዳሽቦርዱ ላይ የበራችበትን የማስጠንቀቂያ መብራት ለማስጠፋት ነው። መኪናው "ታምሜአለሁ" ይላል፣ ባለቤቱ "አፉን ዝጋልኝ" ይላል። ባሌ ደግሞ እንቢ ይላል። "እሱን ሌላ ጋ ያጠፉልሃል" ብሎ ይሸኘዋል። በዚህ ጠባዩ ምን ያህል እንደ ከበርን እናንተው ገምቱት።

የእኛው ቤት መኪና እንኳ ከሰማንያ በላይ አትሄድም። እኔ እግሬ ከባድ ነው፤ የሹፌር ልጅ ነኝ፣ ከአባቴ ነው የወረስኩት። ከከተማ ወጣ ብዬ ነዳጁን እስከ ወለሉ ስረግጠው ሰማንያ ላይ ትደርስና በቃኝ ትላለች። ድንጋይ የጫነ ካሚዮን ጥሩምባውን እያምባረቀ ጥሎኝ ይሄዳል። ለባሌ አቤት ስል "ሞተሩ አርጅቷል" ይለኛል። ባለሙያ ነዋ፣ አምኜ ዝም!

ታዲያ ይህን ሰው ከአባቴ ጋር ያጣላው አንድ መብራት ነው። አባቴ የተማሪ ሰርቪስ ሚኒባስ አለው። ልጃችን ጠዋት ጠዋት ከአያቷ ጎን ፊት ለፊት ትቀመጥና የሰፈሩን ልጆች እየለቀሙ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። አንድ ቅዳሜ አባቴ ሚኒባሱን በራችን ላይ አቁሞ ባሌን ጠራው።

"ና እስቲ፣ ይቺን መብራት አጥፋልኝ። ጠዋት የፍሬን ዘይት ስሞላላት ትጠፋለች፣ ከሰዓት ተመልሳ ቦግ ትላለች። ሐሜተኛ ናት! የዓመቱ ምርመራ ደርሷል፤ እዚያ ሰልፍ ላይ በርታ ልታዋርደኝ ነው።"

ባሌ ተንበርክኮ ከኋላ ጎማው ሥር አየ። "አባባ፣ የኋላው ፍሬን ያፈሳል። እሱ ይሠራ።"

"ፍሬን ሥራልኝ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል? ፍሬኑ ይይዛል። ሁለት ሦስቴ ደጋግመህ ስትረግጠው ቀጥ ይላል።"

"ሦስተኛው ጋ ሳይደርሱ አንድ ልጅ መንገድ ቢያቋርጥስ?"

ባሌ ይህን ያህል ሲናገር ከሠርጋችን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። አባቴ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። "አንተ ሳትወለድ ነው መሪ የጨበጥኩት! ምን ላድርግ ነው የምትለኝ፣ መኪናዬን አቁሜ ልጆቹን ለሌላ ሰርቪስ ላስረክብ?" ብሎ ገብቶ በሩን ደረገመው። በመስኮቱም ወደ እኔ ዞሮ "ባልሽን አናግሪው" አለኝ፣ እኔ የሠራሁት ዕቃ ይመስል።

የእኔን ልጅ ላስቀራት እችላለሁ፤ ከኋላ የሚጫኑት የሰው ልጆችስ? በነጋታው አባቴ ቤት ሄጄ ለመንኩት፣ ጮኽኩበት፣ በመጨረሻም አለቀስኩበት። "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ፍሬኑ ይይዛል!" ብሎ ማለልኝ። ፍሬን በመሐላ የሚይዝ መስሎታል!

ያን ዕለት ከሰዓት ባሌ ስልኩን አነሳና "አባባ፣ ይምጡ። አጠፋዋለሁ" አለ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። "ፈሪ! ለአገር ምድሩ እንቢ ስትል ኖረህ አማትህ ሲቆጣህ ተርበተበትክ?" አልኩት። አባቴ መጣ፣ ባሌ ገመዱን ሰካ፣ "እንዳትነኩ!" አለ፣ አባቴም እጁን አጣጥፎ ጨዋ ሆኖ ተቀመጠ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ መብራቷ ድርግም አለች። "ይኸው! ሰው ከፈለገ ይችላል" ብሎ አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሰውዬዬ እጁን ታጥቦ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

ሰኞ ጠዋት የልጄን እጅ ጨብጬ፣ ሚኒባሱ ላይ አላሳፍራትም ብዬ ቆርጬ በር ላይ ቆምኩ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው እሷን ስለሆነ ሚኒባሱ ባዶውን ነው የሚመጣው። መጣ ማለት ካስፈለገ። ከመንገዱ ጫፍ ታየኝ፤ ለልጄ ጫማዋን አስሬላት ቀና ስል እዚያው ነው። ዳቦ የተሸከመ ሰውዬ ቀደመው። ዘወር ብሎ አዝኖ አየውና መንገዱን ቀጠለ። አባቴ ላብ በላብ ሆኖ ወረደ። "ትናንት ቤቴ ደህና ገባሁ፤ ዛሬ አስነስቼ ነዳጁን እረግጠዋለሁ፣ አልሄድም አለኝ!" በዚያ ፍጥነት ደግሞ ፍሬን ምን ያደርግለታል? እግሩን አውርዶ ማቆም ይችላል። ያን ቀን ልጆቹን ሁሉ ወላጆቻቸው እየተነጫነጩ አደረሷቸው።

አንዱ መካኒክ የነዳጅ ፊልትሮ ቀየረለት። ሌላው ፖምፓውን ፈታ። ሦስተኛው "ነዳጁ ውኃ ገብቶበታል" ብሎ ታንከሩን አጠበለት። ሚኒባሱ ወይ ፍንክች! ወላጆቹ "እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ሌላ ሰርቪስ እንይዛለን" ሲሉት አባቴ አንገቱን ደፍቶ በራችን ላይ መጣ። ባሌንም "ልጄ" አለው፤ እኔን እንኳ እንዲህ ብሎ ከጠራኝ ቆይቷል።

ባሌ ገመዱን ሰክቶ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። "አባባ፣ ኮምፒውተሩ ፍሬኑን አላመነውም። ፍሬኑ ካልተሠራ ፍጥነት አልሰጥም ብሏል።"

"ኮምፒውተሩ ነው ወይስ አንተ?"

"ኮምፒውተሩ ነው።"

ፊቱ ላይ አንዲት ጅማት አልተነቃነቀችም። በሩን ተደግፌ ስሰማ ነገሩ ገባኝና አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህ ከአፉ ቃል የማይወጣ ባሌ ለካ ሲዋሽ ዜና አንባቢ ነው!

አባቴ ሄዶ ፍሬኑን አሠራ። ባሌም ከጎማው ሥር ገብቶ አየው፣ አንዴ ብቻ ረግጦ ሞከረው፣ ከዚያ መብራቷንም ፍጥነቱንም ወደ ቦታቸው መለሳቸው። ሰኞ ልጄ ከአያቷ ጎን ተቀምጣ እጇን እያውለበለበችልኝ ሄደች። ሚኒባሱም ምርመራውን አለፈ። አሁን አባቴ በደረሰበት ሁሉ "የእኔ መኪና ኮምፒውተር እኮ ብልህ ነው፣ ፍሬን ካላመነ ንቅንቅ አይልም" እያለ ይኩራራል። ሳር ቅጠሉ ሰምቷል።

ያን ሰኞ ማታ ዕቃ ሳጥብ ሳህን እንደያዝኩ ቀጥ አልኩ። "ሞተሩ አርጅቷል" የሚለኝ በዚያችው ፊት፣ በዚያችው ድምፅ ነው። እጄን ሳልጠርግ ሳሎን ገባሁ።

"የእኛ መኪና ሞተር በእርግጥ አርጅቷል?"

ሶፋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞረ።

"አንተን ነው!"

"ነፍሰ ጡር ሆነሽ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረድሽበት ቀን ትዝ ይልሻል?"

ትዝ አለኝ። በአንድ እጁ የበሩን እጀታ፣ በአንድ እጁ ሆዴን ይዞ ነበር።

"በማግስቱ ነው ሰማንያ ላይ ያሰርኳት" አለ።

ደሜ ፈላ። ልጄ ተወልዳ፣ አድጋ፣ ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ ካሚዮን ሲጫወትብኝ ኖሯል! ደግሞ ምን ልዋሽ፣ ደስም አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን "ደህና" ሲለኝ እንዲህ እየሳሳልኝ ነበር እንዴ? ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝና በእርጥቡ ፎጣ ትከሻውን ደጋግሜ መታሁት። "ሞኝህን ፈልግ! አሁኑኑ ፍታት!" አልኩት። ላፕቶፑን ይዞ ወጣ። ከጎኑ ተቀምጬ ጠበቅኩት፤ "እንዳትነኪ" አለኝ፣ አልነካሁም።

በማግስቱ ከከተማ ወጣሁና ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥኩት። ሰማንያን አለፈች! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ድንጋይ የጫነውን ካሚዮን ደረስኩበት፣ ጥሩምባዬን እያምባረቅኩ ለመቅደም ወጣሁ፣ ከሹፌሩ ጋር ትይዩ ሆንኩ። ልክ ዘጠና ላይ መኪናዬ በቃኝ አለች።