ተልባ የጠጣው ጠመንጃ

ባለቤቴ አየር ጤና ሰፈር የሚሠራ አናጺ ነበር። የመጨረሻ ሥራው ለአንድ ቲያትር ቤት የታዘዘ፣ ባሩድ በአፈሙዙ የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ አምሳያ ነው። ብረቱና ያልተላገው እንጨት ለየብቻ በሣጥን መጡለት። እሱም ብረቱን ጥላሸት ቀብቶ እንጨቱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ብረቱ ነክቶ ያጠቆረውን ቦታ ብቻ ይፍቅና ደግሞ ይሞክራል። ሁለት ወር ሙሉ አውራ ጣቱ እንደጠቆረ ከረመ። በመጨረሻ በእንጨቱና በብረቱ መካከል ጥፍር እንኳ አይገባም ነበር።

ዘይት ሳይቀባው ሞተ። ልጨርስለት ብዬ በየጠዋቱ የተልባ ዘይት በመዳፌ አሸው ጀመር።

አንድ ቀን ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ሊያጽናኑኝ ሲገቡ ጠመንጃ ታቅፌ አገኙኝ። "ኧረ የሰው ያለህ! ሐዘኑ አእምሮዋን ነካት!" እያሉ ሮጠው ፖሊስ ይዘው ተመለሱ።

ወጣቱ ፖሊስ በቁጣ ነጥቆኝ አፈሙዙን ቢያይ ድፍን ነው፤ አይተኩስም። ቁጣውን ረስቶ ያገላብጠው ጀመር። "እማማ፣ ይሄ የማን እጅ ነው? እንጨቱ ከብረቱ ጋር አብሮ የበቀለ ይመስላል እኮ!" አለኝ። ለባለቤቴ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም፤ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ሰደፉ ላይ ጥቁር ነጥብ አየ። "ይቺ ብቻ ቀርታለች" ብሎ መሐረቡን አወጣ።

"እንዳትነካት!" ብዬ ጮኼ ጠመንጃውን ነጠቅኩት። እትዬ ዘይነባ ከሶፋው ጀርባ ተደበቁ። ፖሊሱ እንደማይተኩስ እያወቀ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

"የባለቤቴ አውራ ጣት አሻራ ናት" አልኩት። "እሷን ዘይት ሳላስነካ ነው ያለፍኳት።"