ውሃ ይውሰደው

ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ሻሽቱ አካፋውን ጭቃው ውስጥ እንደ ተሰካ ትታ ከቦዩ ወጣች። በመንገዱ ሥር የሚያልፈውን ቱቦ የደፈነው ሙጃ ግማሹ እንኳ አልተነሣም ነበር። ውሃው መውጫ አጥቶ በቆሎዋ ላይ ተኝቷል።

ማሳዋ ዳሪሙ ወረዳ ውስጥ ነው፤ ቁልቁል የሚወርድ መሬት ነው። ላይኛው ወገኑ ቀይ አፈር ስለሆነ ዝናቡን ይጠጣል። ታችኛው ወገን ግን ጥቁር ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ ይቋጥራል። ባሏ ኦሊ በሕይወት ሳለ በየሰኔው ቦዩን ይጠርግ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ሻሽቱ ሁለት ክረምት ብቻዋን ታግላ ከአረምና ከውሃ የተረፈውን ለቀመች እንጂ አመረተች አይባልም። ባለፈው ዓመት የኦሊ ታናሽ ወንድም ነመራ ደጇ ላይ የተከመረውን በቆሎ በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ፣

«ይሄ ለዶሮ ነው ለሰው?» አላት።

«ለሚያሾፍ ሰው ነው። ውሰደውና ብላ» አለችው።

ነመራ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን፣ «ሻሽቱ፣ አንድ ክረምት ብቻ ልታገሥሽ። የሚመጣውም እንዲህ ከሆነ መሬቱን በእኩል እኔ አርሰዋለሁ፤ ምርቱን እንካፈላለን። የወንድሜን መሬት ሙጃ ሲበላው ቆሜ አላይም። አንቺ መቱ እህትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ» አላት።

እህቷ ክፉ ሰው አይደለችም። ቢሆንም የሰው ቤት የሰው ቤት ነው፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ «በቃኝ» እያሉ የሚኖርበት። መቱ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጇ አሜንም ለእረፍት «ቤቴ» ብላ የምትገባበት ደጅ አይኖራትም። ሻሽቱ ያን በጋ በሙሉ ያሰበችው ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ፋኦል የነገራትን ከልቧ ሰማች። በቆሎውን በመስመር ዘራች። ፋኦል ቡቃያውን ሊያይ መጥቶ፣ «እትዬ ሻሽቱ፣ ጉልበት ሳይደርስ ያርሙት። ቦዩም ይጠረግ። የነቀሉትን አረም ደግሞ ከቦዩ አርቀው ደረቁ ላይ ይከምሩት፤ ሙጃ ውሃ ካገኘ ተነቅሎም አይሞትም» አላት። ቦዩን ራሷ ጠረገች። አረሙ ግን ከአንድ ሰው አቅም በላይ ስለነበር ደቦ ጠራች።

የሰፈሩ ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። ሁለት ረድፍ ሆነው እየተሽቀዳደሙ አረሙ። አንዱን ረድፍ የሚመራው ከጎኗ የሚያርሰው ጎረቤቷ ጋሼ ጭምዴሳ ነበር። በዚያ አገር በደቦ ሲታረም ሙጃው በጭብጥ በጭብጥ እየተነቀለ ወደ ቦዩ ይወረወራል፤ የወረወረው ሰው «ውሃ ይውሰደው!» ይላል፤ ረድፉም ይቀበለዋል። አባቶቻቸውም እንዲሁ ሲሉ ነው የኖሩት። ሻሽቱ የፋኦል ቃል ትዝ ብሏት አፏን ከፈተች። ግን ጉልበቱን በነጻ ሊሰጥ የመጣን ሰው እንዴት ብላ «ወዲያ ተሸክመህ ውሰድልኝ» ትበል? የደቦ ባለቤት ታበላለች፣ ታመሰግናለች፤ አታዝም።

ጋሼ ጭምዴሳ ቆማ ሲያያት፣ «ምን ቆመሽ ትቆጥሪናለሽ? ጎደሬውን አብስይ፤ ሙጃውን ለእኛ ተዪው!» አላት። ረድፉ በሳቅ ፈነዳ፤ እሷም ሳቀች። ነገ ብቻዬን አወጣዋለሁ አለች በልቧ።

በማግስቱ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ ከቀናት በኋላ ሲያባራ የተወረወረው ሙጃ ግማሹ ቦዩ ውስጥ ሥር ሰዷል፤ ግማሹ ተጠቅልሎ እንደ ፍራሽ ቱቦው አፍ ላይ ተኝቷል። ባወጣች ቁጥር ዝናቡ ከላይ ሌላ እያመጣ ይደፍነዋል። ሐምሌ ሲገባ ውሃው ከቦዩ አልፎ ታችኛውን በቆሎዋን ያዘ፤ ድንበር ተሻግሮ የጋሼ ጭምዴሳንም ጠርዝ ያዘ። አንዱን አገዳ ነቅላ ሥሩን አሸተተችው። መበስበስ ጀምሯል። ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ እየገረጣ ነው።

ከጋሼ ጭምዴሳ ቤት አካፋ ተዋሰች። በዚያው ዕለት ግን የእሱ እናት እማማ ዕፀገነት አረፉ። ሬሳ ከቤት ሳይወጣ በሰፈሩ ማንም መሬት አይነካም፤ አይታረስም፣ አይቆፈርም። ቀብሩ ደግሞ ከጋምቤላ የሚመጣው ልጃቸው እስኪደርስ ቆየ። ሻሽቱ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ትሰማለች። ሰዎቹ የሚያለቅሱት ለሟቿ ነው፤ የእሷ እንባ ለማን እንደሚወርድ ግን እሷው ታውቃለች። አፈረች።

በቀብሩ ዕለት ጠዋት አላስቻላትም። ነጠላዋን አገልድማ ሹልክ ብላ ወረደችና ቦዩ ውስጥ ገባች። ሙጃው ገመድ ሆኗል። በአካፋው ስትቆርጥ፣ በእጇ ስትጎትት፣ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች። የጋሼ ጭምዴሳ ሚስት ቢሊሴ ናት፤ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነው።

ቢሊሴ ሻሽቱን ሁልጊዜ «አንቱ» የምትል ሴት ናት። ያን ቀን ግን፣

«እናታችን ሳትቀበር ትቆፍሪያለሽ?» አለቻት።

«ቢሊሴ፣ በቆሎው እየሞተብኝ ነው።»

«በቆሎው! የእኛስ እየሞተ አይደል? በማን ሙጃ ነው የሚሞተው?»

ሻሽቱ የያዘችውን ሙጃ ለቀቀችው።

«አካፋውስ የማን ነው?»

ሻሽቱ አካፋውን እዚያው ተክላ ወጣች። እግሯን ታጥባ ለቅሶ ቤት ገባችና በሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ኋላ ተቀመጠች።

በማግስቱ ማለዳ ስትመለስ ጋሼ ጭምዴሳን ጋቢውን ተከናንቦ ቦዩ ዳር ተቀምጦ አገኘችው። ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ «እኔ ገና ከሐዘን አልተነሣሁም፤ ቆፍሬ አላግዝሽም። መቀመጥ ግን የከለከለኝ የለም» አላት።

«ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ።»

«የወረወርነው እኛ፣ ይቅርታ የምትጠይቂው አንቺ! በይ ከግራ በኩል ጀምሪ፤ የሙጃው ግንድ እዚያ ነው የተያዘው።»

ቀኑን ሙሉ እሱ ተቀምጦ እሷ ደረቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ሙጃውን እየጎተተች ወደ ደረቁ ተሸከመች። ሊመሽ ሲል ቱቦው አጉረመረመ፤ ውሃውም ጭቃና ሣር እየተፋ ወረደ። ሻሽቱ አልተደሰተችም። ውሃው በሸሸ ቁጥር ከሥሩ የሚታየው የተኛ በቆሎ ነበር።

ነሐሴ ላይ ትኩሳት ጀመራት። ጤና ኬላው ኪኒን ሰጥቷት ተሻላት፤ ደግሞ ተመለሰባት። መቱ ሄደሽ ታከሚ ቢሏት፣ ላይኛው በቆሎ ማፍራት ጀምሯል፤ ዝንጀሮውን ማን ይጠብቅልኝ አለች። ነመራ መጥቶ ማሳውን ዞሮ አየ።

«ግማሹ ሞቷል» አላት።

«ግማሹ ቆሟል።»

«ሻሽቱ፣ አንቺስ ቆመሻል?»

«በቆሎውን ነው እያየህ ያለኸው ወይስ እኔን?»

ነመራ በድንበሩ ታጥፎ ሄደ። እሱ መጥቶ ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ አልነበራትም። ላይኛውን ረድፍ ደጋግማ ቆማ ታያለች፤ ይበቃል ትላለች፣ መልሳ አይበቃም ትላለች።

ትኩሳቱ ጸናባትና ሻሽቱ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. መቱ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። የቆመውን በቆሎ የሰበሰበው ነመራ ነው። መሬቱንም በእኩል ያርሰዋል፤ አሜን በእረፍቷ የምትሄደው አክስቷ ዘንድ ሆኗል።

ሆስፒታል ከመግባቷ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ በጳጉሜን፣ ትኩሳቱ ጋብ ያለላት ጠዋት ነበር። ከላይኛው ረድፍ ደህና ደህናውን እሸት መርጣ ሸለቀቀችና በቅርጫት ሞላች። አካፋውን ወንዝ ወርዳ ጭቃውን በድንጋይ ፈግፍጋ አጠበችው። ከዚያ በየመንገዱ እያረፈች ጋሼ ጭምዴሳ ቤት ደረሰች።

ቢሊሴ በሩ ላይ ቆማ ቅርጫቱን አየች።

«እትዬ ሻሽቱ፣ ለራስዎ ሳይተርፍ ምነው?»

«የእናንተንም ሙጃዬ በልቶባችኋል። ሳይደርቅ ቀቅሉት።»

«ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ።»

«ዝንጀሮው ይመጣብኛል።»

አካፋውን ሁልጊዜ ከሚቆምበት ከግድግዳው ሥር አስደገፈች። ያዘመመ ሲመስላት ተመልሳ አቃናችውና ወደ ማሳዋ ወረደች።