ሁለት ፈረስ ከማርካ ወሰን ወዲያ

የዓለምወርቅ ፈረስ እንዳላት የሰማ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ኦስሎ፣ አመሩድ የሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ትምህርት ቤት የምታጸዳ ሴት ፈረስ ከየት አመጣች? እንጅባራ ማደጓን ሲሰማ ደግሞ «ይኼማ የዘር ነው» ይላል። እሷ ግን አገሯ ሳለች ኮርቻ ላይ ወጥታ አታውቅም። ፈረሱ የአባቷና የወንድሞቿ ነበር፤ የእሷ ድርሻ ሣር ማጨድና ፋንድያ መጥረግ ነበር።

ፈረስ የራሷ የሆነው ኦስሎ ነው። አንድ የግልቢያ ትምህርት ቤት በትርፍ ሰዓቷ ስታጸዳ፣ ቡላ የሚባለው ቀለም ያለው ሽማግሌ ፈረስ ጉልበቱ ስለከዳው ሊገደል መሆኑን ሰማች። ሄዳ ባለቤቶቹን ለመነቻቸው።

«ውሰጂው፤ ግን ፈረስ ብቻውን አይኖርም፣ ጓደኛ ይፈልጋል» አሏት።

እንዲህ ሆኖ አንዲት ዳማ ባዝራ ተጨመረች። ሁለቱንም ከአመሩድ በላይ ጫካው ዳር፣ ኦድቫር ከሚባል ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ በተከራየችው መስክ አሰፈረቻቸው።

መጠለያቸው ሸራ ነበር። የኦስሎን በጋ ደህና አለፉት። በመስከረም የእንስሳት ደኅንነት ተቆጣጣሪዋ መጣችና ሸራውን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ፣ «በረዶ ሳይወርድ ግድግዳና ጣራ ያለው ቤት ይኑራቸው፤ አለዚያ እዚህ አይከርሙም» አለች። የዓለምወርቅም ትንሽ የእንጨት ጋጣ ልትሠራ ለኮሙኑ፣ ለከተማው አስተዳደር፣ አመለከተች። ተከለከለች። መስኩ ያለው ከማርካ ወሰን ወዲያ ነው፤ ማርካ ደግሞ በሕግ የተጠበቀ ጫካ ነው። ለእርሻ ካልሆነ በቀር አዲስ ቤት አይቆምበትም፤ ለፍቅር ሲሉ የሚያኖሩት ፈረስ ደግሞ እርሻ አይባልም። አንዱ መሥሪያ ቤት ካልሠራሽ ይላታል፣ ሌላው እንዳትሠሪ። በሁለቱ መካከል ቆማ ሰማዩን ማየት ሆነ ሥራዋ።

ይግባኝ አለች። ይግባኙ የገባበት ክፍል ውስጥ ኤልዳና እንደምትሠራ ስትሰማ ልቧ ዐረፈ። ኤልዳና የክርስትና ልጇ ናት፤ በጥምቀቷ ቀን ያቀፈቻት እሷ ነበረች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ጠበቀቻት።

«ኤልዱ፣ ጉዳዬ እጅሽ ገብቷል አሉ።»

«ገብቶ ነበር፤ ስምሽን እንዳየሁ ለአለቃዬ መለስኩት።»

«መለስሽው?»

«ኢንሃቢል ነኝ እኮ፣ እትዬ። ክርስትና እናቴ ነሽ። በወገን ጉዳይ መግባት አይፈቀድልኝም።»

«ወስኚልኝ መች አልኩሽ? አንድ ቃል ብቻ ጣል ብታደርጊ ምናለ?»

«ኔይ። አንድ ቃልም አይቻልም። ቢፈቀድልሽ እንኳ በእኔ ተፈቀደ ይባልና መልሰው ያፈርሱብሻል።»

የዓለምወርቅ ነጠላዋን አጣፋች። «እኔ ግን ሳቅፍሽ ማንንም አላስፈቀድኩም» አለችና ጥላት ሄደች። ኤልዳና ከኋላዋ ስትጠራት አልዞረችም። ባቡር ውስጥ እንባዋ መጣ፤ ከእልህ ይሁን ከሐዘን እሷም አልለየችውም።

ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ ሌላ ሠራተኛ ቦታውን ሊያይ መጣ። ቀጭን፣ ቦት ጫማው ንጹሕ የሆነ ሰው ነው። መስኩን ለካ፣ ፎቶ አነሣ። የዓለምወርቅ ፊቱን እያነበበች ከጎኑ ተከተለችው። ኦድቫር ግቢ ሲደርሱ ግን ቀዩ አሮጌ ቤት ፊት ቆመ።

«ይህስ?»

«የቀድሞ ጋጣ» አለ ከቤቱ የወጣው ኦድቫር።

«ፈረስ ይኖርበት ነበር?»

«ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን እዚህ አይገቡም? ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የቆመ ጋጣ ጋጣ ሆኖ ቢቀጥል አዲስ ግንባታ አይባልም።»

የኦድቫር ፊት ደም መሰለ። «ዝግ ነው» አለ፤ ቤቱ ገብቶም በሩን በላያቸው ዘጋው።

ይግባኙ ውድቅ ሆነ። የዓለምወርቅ በማግስቱ ስለ አሮጌው ጋጣ ልትለምነው ስትሄድ ኦድቫር «ግቢ» እንኳ አላላትም።

«ያከራየሁሽ መስክ ነው፣ ቤት አይደለም። ደግመሽ ካነሣሽው መስኩንም ትለቂያለሽ።»

ከዚያ በኋላ መንከራተት ሆነ። ኦስሎ ዙሪያ ፈረስ ያለውን ሰው ሁሉ ጠየቀች። ዳማዪቱን የሚቀበል ተገኘ፤ ቡላውን ግን ዕድሜውን ሲሰሙ ስልኩን ይዘጉታል። ንጋት ላይ መስኩ ነጭ አመዳይ ለብሶ ይቆያል። ተቆጣጣሪዋ ተመልሳ የምትመጣበት ቀን ተቃረበ። የዓለምወርቅ ስልኳን አንሥታ አስቀመጠች፣ ደግማ አንሥታ አስቀመጠች፤ በመጨረሻ ለእንስሳት ሐኪሙ ደወለች። ቡላውን በመርፌ ሊያሳርፈው ለሐሙስ ተቀጠረ።

ረቡዕ ለኦድቫር ልትነግረው ወጣች። ልመናውን ትታዋለች።

«ነገ ሐኪሙ ይመጣል። መኪናው በግቢህ ስለሚያልፍ እወቀው ብዬ ነው።»

«ለየትኛው?»

«ለቡላው።»

«ታሟል?»

«አልታመመም። ቤት የለውም።»

ይህን ብላ ልትሄድ ዞር አለች። ኦድቫር ኮቱን ሳይደርብ ቀድሟት ወጣና ቀዩ ጋጣ በር ላይ ቆመ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ ግን አላስገባውም።

«ኢንግሪድ እዚህ ነው የወደቀችው» አለ። ሚስቱ ናት። «ፈረሶቹን ልትመግብ ገባች። ልቧ ነው አሉ። ከቀብሯ ወዲህ አልገባሁበትም።»

የዓለምወርቅ «ነፍሷን ይማር» አለች በአማርኛ። ኦድቫር ትርጉሙን አልጠየቃትም፤ ቁልፉን ሰጣት። በሩ በዝገት ተጣብቆ ስለነበር ሁለቱም በትከሻቸው ገፉት።

ሐኪሙ እንዳይመጣ ተነገረው። ሁለት ሳንቃ በስብሷል፣ ጣራው በአንድ ጥግ ያፈሳል፤ ኦድቫር መዶሻ ይዞ በየቀኑ ሠራ። አዲስ ግንባታ እንዳይባል ግድግዳው ከውጭ አልተነካም። የመጀመሪያው በረዶ መውረድ በጀመረበት ከሰዓት ፈረሶቹን አመጧቸው። ዳማዪቱ ደፉ ላይ ስትደርስ ደነገጠች፤ በኋላ እግሯ ቆማ ገመዱን ከየዓለምወርቅ እጅ መነጨቀችና ግቢውን ዞረች። ወደ አውራ መንገዱ ብትወጣ መኪና ይበላት ነበር። ኦድቫር መውጫው ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመባት። ቡላው ግን አንገቱን አስግጎ አሸተተ፣ ገባ፣ ድርቆሹን ማላመጥ ጀመረ። ድምፁን ስትሰማ ዳማዪቱም እየተንቀጠቀጠች ተከተለችው።

ተቆጣጣሪዋ መጥታ ጣራውንም መስኮቱንም አይታ «ይበቃል» ብላ ሄደች።

በሳምንቱ ኤልዳና በበረዶ የማያዛልቅ ጫማ አድርጋ ዳገቱን ወጣች። የዓለምወርቅ በመንሽ ፋንድያ እያወጣች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ጉዳዩ ተዘግቷል» አለች ኤልዳና። «አሁን መምጣት እችላለሁ።»

የዓለምወርቅ ጥቂት ሠርታ፣ «ጫማሽ ይበላሻል» አለችና ከግድግዳው ላይ ሌላ መንሽ አውርዳ ሰጠቻት። ስለዚያ እሑድ ለመነጋገር ግን እስከ ፋሲካ ፈጀባቸው። ያን ቀን የዓለምወርቅ «ልክ ነበርሽ፤ ግን ከፍቶኝ ነበር» አለቻት። ኤልዳናም «አውቃለሁ» አለች።

ቡላው ሁለት ዓመት ኖሮ ገለባው ላይ ተኝቶ ሞተ። ዳማዪቱ ሌላ ጓደኛ አግኝታለች። የዓለምወርቅ ማለዳ ሥራ ስላለባት የጠዋቱን ድርቆሽ የሚሰጣቸው ኦድቫር ነው።