እንሶስላው ያልያዘው እጅ

ጠረጴዛዬ ላይ ያልተከፈተ ከረጢት አለ። ብልጭልጭ ነው። አበሻ ትሁን ፈረንጅ ያልለየላት ሴት መዳፏን ዘርግታ ትስቅበታለች። ከራሷ በላይ «ተፈጥሯዊ እንሶስላ»፣ ከእግሯ በታች ደግሞ «ባንድ ሰዓት ውስጥ ጥቁር!» ይላል። የአክስቴ ልጅ የሆነችው የአትጠገብ ሴት ልጅ ፍኖተ ሰላም ላይ ልትዳር ስትል የሞቀችው ይህንኑ ነው። በማግስቱ እጆቿ እንደ ፈላ ወተት ኩፍ አሉ፤ ከዚያ ውሃ ቋጠሩ። የተሞሸረችው በፋሻ ነው። «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል ለነጋዴ ያስተማረውን ሰው ባገኘው አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቀው ነበር፤ እባብስ ከየትኛው ፋብሪካ ወጣ?

ልጅ እያለሁ እንሶስላ ከረጢት አልነበረውም፤ ሥር ነበረው። እኛ ማንኩሳ አጠገብ ስናድግ ሴቶቹ ከወንዝ ዳር ቆፍረው፣ ወይም ገበያ ወርደው ገዝተው ያመጡታል። ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ ሙቀጫ ውስጥ ይወቀጣል፣ ሸክላ ድስት ላይ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት ይበስላል። ሽታው ዝናብ የመታው አፈር ነው። ትኩሱን መዳፋችን ላይ ለጥፈው በጉሎ ቅጠል ጠቅልለው በቡትቶ ያስሩናል። ያን ሌሊት የምንተኛው እንደ እስረኛ ነው። አፍንጫችንን የሚበላን ደግሞ ሁልጊዜ ከታሰርን በኋላ ነበር፤ «እከኪልኝ» እየተባባልን፣ በታሰረ እጅ እየተደባደብን እንስቃለን። ጠዋት ቅጠሉ ሲፈታ መዳፋችን በርበሬ መስሎ ይወጣል።

አትጠገብ ለቡሬ ሰው ታጭታ ሠርጓ ሲደርስ እናቷ፣ አክስቴ ይታይሽ፣ እንሶስላውን በራሷ እጅ ሠራች። አክስቴ ይታይሽ ትሑት ሴት አልነበረችም። ድምፅዋ ከወንዝ ማዶ ይሰማል፤ ስትሳሳትም በዚያው ድምፅ ነው። ጠዋት ቅጠሉ ሲፈታ የሙሽራዋ እጅ የተላጠ ሽንኩርት መስሎ ወጣ። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉነሽ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። የሙሽራው ዘመድ ናት፤ በዚህ ቤት የሚሆነውን ሁሉ ቡሬ የምታደርስ እሷ ናት።

አክስቴ ጥፋቱን ሥሩ ላይ ጣለች። እኔን አስከትላ ገበያ ወረደችና ሻጯን ያዘቻት።

«አንቺ፣ የሸጥሽልኝ እንሶስላ ነው ድንች?»

«ድንች ቢሆንማ በልተሽው ዝም ትዪ ነበር!»

ገበያው ሳቀ። አክስቴ ከሌላ ሴት ሌላ ሥር ገዝታ ተመለሰች። እሱም አልያዘም። ቀጥሎ ውሃውንም፣ ድስቱንም፣ ሎሚውንም ባንዴ ለወጠች፤ እንደገና አልያዘም። ሁሉን ባንዴ የለወጠ ሰው ደግሞ የትኛው ጥፋተኛ እንደሆነ ሳያውቅ ይቀራል። ይህን ያወቀችው ልጇ አትጠገብ ማልቀስ ከጀመረች በኋላ ነው። እትዬ ሙሉነሽ በየጠዋቱ ሳትጠራ ትመጣለች። በመጨረሻም እንደ ዋዛ ጣል አደረገችው፤

«እንሶስላ ውሸት አያውቅም እቴ። የሚይዘው ንጹሕ እጅ ነው።»

እንዲህ ያለ ልማድ በአገራችን ስለመኖሩ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ክፉ ቃል ግን ልማድ ለመሆን አንድ ጠዋት ይበቃዋል። «ንጹሕ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከሴቶቹ አተያይ ነው። ያ ቃል ቡሬ ከደረሰ ሠርጉ ይቀራል። አትጠገብ አንገቷን ደፍታ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ደበቀች።

ያን ማታ አክስቴ ጮኸች፤ «አንቺ ልጅ፣ ነይ እጅሽን አምጪ!» እጄ ቅልሞሽ ስጫወት ውዬበት አፈር ለብሷል። በልብሷ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ከዚያው ድስት፣ ከሙሽራዋ ቀጥላ ቀባችኝ። ጠዋት የኔ እጅ ደም መሰለ። የአትጠገብ ያው ሽንኩርት ነው። እኔ በደስታ ዘለልኩ፤ ከኔ በቀር የዘለለ ሰው አልነበረም።

«በቃ፣ ድስቱ ተናገረ» አለች እትዬ ሙሉነሽ።

እዚህ ላይ ሌላ እናት ብትሆን ትቀመጥና ታለቅሳለች፤ ወይም ልጅቷን ትደበድባለች። አክስቴ ልጅቷን ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባቻት፤ እኔም ቀይ እጄን ይዤ ተከተልኩ። ድስቱ ጥፋት ከሌለበት የቀረው እጁ ነው። እጁ ላይ ምን አለ? የልጇን መዳፍ አንስታ አሸተተችው።

«ይሄ ጽጌረዳ ከየት መጣ?»

አትጠገብ ከእህሉ ጎታ ሥር አንዲት ክብ ቆርቆሮ አወጣች። ውስጧ ጽጌረዳ የሚሸት ነጭ ቅባት ነው። እጮኛዋ ቡሬ ገበያ ላይ ተደብቆ የሰጣት ናት። «እጅሽ ይለስልስ» ብሏት፣ እሷም ማታ ማታ እንሶስላው ከመቀባቱ በፊት ደህና አድርጋ ታሸዋለች። ብትናገር ከሠርግ በፊት ከወንድ ጋር ተገናኘች ሊባል ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ እጇ ንጹሕ አይደለም ተብላለች። የመረጠችው ዝምታውን ነው።

«ሞኝ!» አለች አክስቴ። «ሰውየውን ውደጂ፤ ቆርቆሮውን ምን አስወደደሽ? ቅባት ባለበት ውሃ ይገባል?» መዳፏን በእንዶድና በአመድ አሽታ አጠበችላት። ያን ሌሊት ከዚያው ድስት ቀብታ አሰረቻት፤ ጠዋት ቅጠሉ ሲፈታ ቀይ ከመሆን አልፎ ወደ ጥቁር ሄዷል።

እትዬ ሙሉነሽ ጠጋ ብላ አየች። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ከልክሎት ኖሯል?»

«ቅቤ ነዋ፣ እትዬ ሙሉነሽ» አለች አክስቴ። «ትንሽ ቅቤ። ያውም አፍ ላይ ያለ።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አፈ ቅቤ ሲባል ልቡ ምን እንደሆነ ተረቱን ማን ያጣዋል። ቆርቆሮዋ ተሸሸገች፤ ሐሜቱም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። አክስቴ ውሸት አልተናገረችም፤ እውነቱን በሰም ጠቅልላ ነው የሰጠቻቸው።

ይህን የምጽፈው ድሮ ደግ ነበር ለማለት አይደለም። እሱን ለሚፈልግ ሌሎች ጸሐፊዎች አሉ። ድሮም ቢሆን ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚከሰሰው የልጅቷ እጅ ነበር። ዛሬም ያው ነው፤ ቋንቋው ብቻ ሠለጠነ።

የአትጠገብ ልጅ እጅ በተቃጠለ ጊዜ፣ ከሠርጉ በፊት፣ ያን ከረጢት የሚሸጠው ሱቅ ከአትጠገብ ጋር ሄጄ ነበር። ነጭ ጋዋን የለበሰ ጎልማሳ ተቀበለን። ሐኪም አይደለም፤ ቀማሚውም ሻጩም እሱው ነው።

«ልጄ፣ ምን ምን አለበት?» አለችው አትጠገብ።

«ተፈጥሯዊ ነው ማዘር።»

«ተፈጥሯዊ የሚባል ሥር አላውቅም።»

ሙያ ልትማር የመጣች መሰለው መሰል፣ በኩራት ዘረዘረልን። ሥሩ ቀስ ይላል፤ ደንበኛ ደግሞ ሌሊቱን ታስሮ አያድርም። ስለዚህ የጸጉር ቀለም ዱቄት ተጨመረበት። ዱቄቱ ሲሸት ሽቶ ተጨመረ። ሰዎች አሳከከን ሲሉ ቅባት ተጨመረ።

«ቅባትማ ቀለም አያስገባም» አለች አትጠገብ። ይህን ከሷ በላይ ማን ያውቃል!

«ጎበዝ! ለዚያ እኮ ነው የጸጉር ቀለሙን እንደገና ከፍ ያደረግነው።»

«ሥሩስ?» አልኩት።

«ሥሩ ይሻግታል ማዘር፤ መደርደሪያ ላይ አይቆይም። እሱን አስወጣነው።»

አክስቴ አትጠገብን ያዳነቻት ጥፋቱን አግኝታ በማንሳት ነው። ይህ ሰው ጥፋት ባየ ቁጥር ሌላ ጥፋት ይደርብበታል፤ ካለው ሁሉ ያነሳው እንሶስላውን ብቻ ነው። የአትጠገብን ልጅ እጅ ፎቶ ስናሳየው እንኳ አልደነገጠም። «ቆዳዋ ሴንሲቲቭ ሆኖ ነው» አለ። እትዬ ሙሉነሽ ነጭ ጋዋን ለብሳ የተነሳች መሰለኝ።

የሠርጉ ዳስ ውስጥ ሹክሹክታው ቀድሞን ገብቷል። «ቆዳዋ ነው አሉ…» ሲባል ሰማን። አትጠገብ እንደ እናቷ ስለ ቅቤ አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«የልጄ ቆዳ ምንም አልሆነም፤ ጤነኛ ነበር። ያቃጠላት ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሱቅ የሚሸጠው ዱቄት ነው። የገዛችሁ ካላችሁ እንዳትነኩት።»

ለጎረቤት ሰም ያስፈልግ ይሆናል፤ ለዚህ ግን አያስፈልግም።

ከኋላ የተቀመጠች፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ሠርግ ያላት ልጅ ቦርሳዋን ከፈተችና ይህን አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ከረጢት አውጥታ ሰጠችኝ። ሽታው ሳይከፈት እንኳ ይወጣል፤ ጽጌረዳ ነው።

«ታዲያ በምን ልሙቅ?» አለችኝ መዳፎቿን ዘርግታ።

ሴቶቹ ሥሩን ይቆፍሩበት የነበረው የወንዝ ዳር ዛሬ ባሕር ዛፍ ነው። አክስቴም ድስቷም የሉም። ልጅቷ ግን መዳፎቿን እንደዘረጋች ነበር።